ከክፍሉ ያስወጣችን ጠበቃ

ይህን የምጽፈው ሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ ዕድሜዋ የገፋ እናት ወይም ዕድሜው የገፋ አባት ላላችሁ ሁሉ ነው። ረዘም ይላልና ታገሡኝ። ማመስገን ያለብኝ አንዲት ጠበቃ አለች፤ ከምስጋናው በፊት ግን ትንሽ ላማርር።

እናቴ 81 ዓመቷ ነው። በ1996 ወደ አሜሪካ መጥታ እስከ 70 ዓመቷ ድረስ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ ኖራለች። ባለፈው የገና ጾም ወጥ ቤት ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ ሲያዛውሯት፣ አንዲት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በዚያው ምሽት የወረቀት ክምር ይዛ መጣች። እማዬ አልጋው ላይ ታቃስታለች፤ ሴትዮዋ በጣቷ እያሳየች «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም» ትለኛለች። ፈረምኩ። ለካ የፈረምኩት የእናቴ ገንዘብ ካልበቃ ከራሴ ኪስ ልከፍል ነው፤ ተያዥ ሆኛለሁ። አዲስ አበባ ሥራ ስቀጠር ተያዥ አምጪ ተብዬ ስንት ደጅ እንደጠናሁ ትዝ አለኝ። እዚያ ቢያንስ ተያዥ መሆኑን ለሰውየው ይነግሩታል።

ቀጥሎ የውክልናው ጣጣ መጣ። «ቅጽ እንሞላለን» የሚል አንድ ሰው 600 ዶላር ተቀብሎ ጥቂት ገጾች ሰጠን። ባንክ ይዘን ስንሄድ መለሱን። ሜሪላንድ ውስጥ የገንዘብ ውክልና በኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ከመፈረም ሌላ ምስክሮችም ያስፈልጉታል፤ በእኛ ወረቀት ላይ ግን አንድም ምስክር አልነበረም። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ አላነሳም። ዘመድስ ቢሆን! ቡና ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሕግ ሊቅ ነው። «ቤቷን ቶሎ በስምሽ አዙሪው፣ አለዚያ መንግሥት ይወስደዋል» አሉኝ፤ ላዞረው አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ነበር ይህችን እህት ያገኘኋት።

ያገኘኋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ፣ በአማርኛ፣ ያለ ክፍያ ታስተምራለች። አንዱን እሑድ ለቤተሰብ፣ ሌላውን ደግሞ ለነርሶችና ሰው ቤት እየሄዱ አረጋውያንን ለሚንከባከቡ ታደርገዋለች። ስንቶቻችን ነን ሌሊቱን የሰው እናት ስናገላብጥ አድረን ስለ ራሳችን እናት አንድ ወረቀት የሌለን? ስለ ኑዛዜና ስለ ጤና ውክልና ስትጀምር ከኋላዬ የተቀመጡ እናቶች «ሟርት ነው» እያሉ ያማትቡ ነበር። እሷ አልተቆጣችም። «ጃንጥላ የያዘ ሰው ዝናብ ጠራ ይባላል እንዴ?» ብላ አሳቀቻቸው።

ከዚያ ቀን ትምህርት የያዝኩትን ልንገራችሁ፤ የቀረውን ራሴን እየነቀነቅኩ ነው ያሳለፍኩት። ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን፣ ለማገገሚያ ቤት የሚከፍለው ቢበዛ ለ100 ቀን ነው፤ ሙሉውን የሚሸፍነውም የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ብቻ ነው። ለዓመታት ማጠብና ማጉረስ የእሱ ሥራ አይደለም። ያንን የሚሸፍነው ሜዲኬይድ፣ ማለትም አቅም ለሌላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ነው፤ እሱ ደግሞ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ለማን ምን እንደሰጣችሁ ይመረምራል። ቤቷን በስሜ አዙሬው ቢሆን ኖሮ ልጠብቃት ብዬ እርዳታ ላስከለክላት እችል ነበር። ውክልናም የሚሰጠው ሰውየው የሚያደርገውን እያወቀ ነው። አእምሮ ከደከመ በኋላ መንገዱ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚት ማሾም ይሆናል፤ ያ ደግሞ የሐኪም ማስረጃ፣ ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ይህን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ፤ እማዬ አንዳንድ ቀን መርሳት ጀምራለችና።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ።

ማገገሚያው ድረስ ራሷ መጣች። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። እማዬ ስታያት በሞት በተለየቻት እህቷ ስም ጠርታት «መጣሽ?» አለቻት። «መጣሁ» አለችና እጇን ይዛ ትንሽ ስታጫውታት ቆይታ ቦርሳዋን ዘጋች። ኮሪደሩ ላይ «ዛሬ ምንም አንፈራረምም» አለችኝ። «አእምሯቸው የሚጠራው በስንት ሰዓት ነው?» ይህን ሐኪሞቹ እንኳን ጠይቀውኝ አያውቁም። ጠዋት፣ ከቡናዋ በኋላ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቡና በፔርሙዝ ይዛ ተመለሰች። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ሳንቲም አላስከፈለችንም።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመን ነበር። እኔ መናገር ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ። «እናንተ ውጡልን። ደንበኛዬ እሳቸው ናቸው።» አልደብቃችሁም፣ ተቀየምኩ። ስንት ሌሊት ያልተኛሁት እኔ፣ የምከፍለው እኔ፣ የምወጣውም እኔ! በሩ ላይ ባለችው መስታወት ሾልኬ አየሁ። ወንበሯን ዝቅ አድርጋ ከእማዬ ዓይን ትይዩ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» እያለች በዝግታ ትጠይቃታለች። እማዬ ስትስቅ አየሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ሁላችንም በእናቴ ራስ በላይ ነበር የምንነጋገረው። «በላች? ታውቅሻለች? ትፈርማለች?» ሠራተኞቹ ብቻ አይደሉም፣ እኔም ጭምር።

ተጠርተን ስንገባ ነገሩ አልቋል። የገንዘቡን ውክልና ለእኔ፣ የጤናውን ለወንድሜ ሰጥታለች። ለእኔ አይደለም! ፊቴ ተለዋውጦ ኖሮ እማዬ ራሷ ነገረችኝ፦ «አንቺ አትለቂኝም። ማሽን ላይ ሰቅለሽ ታቆይኛለሽ። እሱ ጨከን ይላል።» ወንድሜ እየሳቀ አለቀሰ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ፤ እውነቷን ነውና። ማንም ሰው ቀድሞ ቢጠይቃት ትነግረን ነበር፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

የተያዥነቱን ወረቀት ሳሳያት አንዴ አንብባ «ይህን ሊጠይቁሽ አይችሉም ነበር» አለችኝ። ለካ መንከባከቢያ ቤቶች ታማሚን ለመቀበል ብለው ልጅን ከራሱ ኪስ ተያዥ ማድረግ እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣ የፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች፤ ስሜ ወጣ። በሦስት ወር ውስጥ ደህና የተኛሁት ያን ሌሊት ነው።

ዋጋዋን አስቀድማ ትናገራለች፤ ከተናገረችው በላይ አልጠየቀችንም። አዲስ አበባ ስላለን ኮንዶሚኒየም ስጠይቃትም «የአገር ቤቱን ሕግ አልሠራበትም፤ እዚያ ያለ ጠበቃ አማክሩ» ብላ መለሰችኝ። አላውቅም የሚል ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ስለዚህ እባካችሁ፣ እናታችሁ እስክትወድቅ አትጠብቁ። እሑድ ኑና አዳምጡ፣ ወላጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ የሚያማትቡትን ጭምር። ከሜሪላንድ ውጭ ያላችሁ ደግሞ፣ ዕድሜው 60 የሞላ ሰው በየአካባቢው ነጻ የሕግ ምክር የሚያገኝበት መንገድ አለ። 1-800-677-1116 ደውላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የመንግሥት መስመር ነው፣ ወዴት እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል።

የጠበቃዋን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ራሷ ስለከለከለችኝ ነው። ሰው ከበዛባት የያዘቻቸውን በደንብ እንደማታይ ነገረችኝ። በእውነት የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እልክላችኋለሁ። የሌሊት ሥራ ስለሆንኩ መልሴ ቢዘገይ አትቀየሙኝ። ስትሄዱ ግን ጠዋት ሂዱ፣ ቡና ይዛችሁ።