ኑግ፣ ሱፍ ወይስ የሚረጋው? ዘይት ከመግዛትዎ በፊት

ዘይት ስንገዛ ቶሎ ዓይናችንን የሚስበው «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍ ነው። ይህ ግን ለመምረጥ አይረዳም፤ ኮሌስትሮል በማንኛውም የዕፅዋት ዘይት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። «ቀለል ያለ» መባሉም እንዲሁ፤ የትኛውም ዘይት በ1 ግራም 9 ኪሎካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ዘይት ማለት ግሊሰሮል የሚባል ንጥረ ነገር ፋቲ አሲድ የሚባሉ የስብ ክፍሎችን ሦስት ሦስት እየያዘ የሚሠራው ስብ ነው። መርጋቱም ሆነ እሳት መቻሉ በአመዛኙ የሚወሰነው በፋቲ አሲዶቹ ዓይነት ነው።

የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ፣ ማለትም ቀዝቀዝ ሲል ቶሎ የሚረጋ የስብ ዓይነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ነጥቶ የሚረጋው ለዚህ ነው። ጥሩ ጎኑ ከፍተኛ እሳት መቻሉ ነው፤ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ጠባሾች ቢመርጡት አይፈረድባቸውም። ለዕለት ወጥ ግን አልመክረውም፤ ሳቹሬትድ ስብ ሲበዛ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ደም ውስጥ ይጨምራል። ደግሞ ፈሳሽ ሁሉ ሱፍ እንዳይመስልዎ! የሚረጋው ክፍሉ ተለይቶ የወጣለት ፓልም ኦሌይን ሞቅ ባለ ቦታ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። የፊት ለፊቱን ሥዕል ይተዉና ከጀርባ «ይዘት» የሚለውን ያንብቡ።

የሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ሳቹሬትድ ስቡ 11 በመቶ ገደማ ነው። የተጣራው ሽታ ስለሌለው ለወጥም ለሰላጣም ይሆናል። ለቤት አንድ ዘይት ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን ቢይዝ ይሻላል። ደጋግሞ መጥበሻ ላይ ማዋል ግን አይገባም፤ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል።

ኑግ በጣዕሙ ተወዳዳሪ የለውም፤ የጾም ሽሮ በኑግ ዘይት ሲሠራ ሌላ ነው። አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል፣ በቀላሉ የሚበላሽ ፋቲ አሲድ ስለሆነ ግን አየርና ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይቆመጥጣል። ከመጭመቂያ ቤት ሲገዙ አሽትተው፣ በትንሹ፣ በሚያልቅልዎ መጠን ይግዙ። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚሸጥ ከሆነ ይለፉት፤ ይህ ለሌሎቹም ይሠራል።

ዋጋ ሲያወዳድሩ አንዱ በሊትር፣ ሌላው በኪሎ ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ። 1 ሊትር ዘይት 0.92 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ውስጥ ያለው ዘይት 4.6 ኪሎ ያህል ነው። በዚህ አስልተው ይክፈሉ።