ማስጠንቀቂያ፦ የለንደን–ፓሪስ የባቡር ትኬት "በጥቅል" ለምትገዙ ሁሉ

ወገኖቼ፣ "ከማንችስተር ፓሪስ፣ በአንድ ክፍያ፣ በርካሽ" እየተባለ በቴሌግራም የሚሸጠውን የባቡር ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ሰዓቱን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አንዲት የማውቃት እናት ልጆቿን ይዛ ፓሪስ ለሰርግ ስትሄድ እንዲህ ያለ ትኬት ተሸጠላት። የመጀመሪያው ባቡር ለንደን ዩስተን ያወርዳል። ወደ ፓሪስ የሚወስደው ባቡር፣ ዩሮስታር፣ ደግሞ የሚነሳው ከሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ነው። በመሀል የተሰጣት ጊዜ 50 ደቂቃ። "አይጠብም?" ብላ ስትጠይቀው ሻጩ "ኧረ ጣቢያዎቹ ቅርብ ናቸው፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ብትደርሺ ይበቃሻል" አላት። ቅርብስ ናቸው፤ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ግን የዩሮስታር መግቢያ የሚዘጋው ባቡሩ ሊነሳ 30 ደቂቃ ሲቀረው ነው! ስለዚህ ያ 50 ደቂቃ በእውነቱ 20 ደቂቃ ነበር፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ልጅና ሻንጣ ይዞ የሚኬደውን የእግር መንገድ ቀንሱበት። የማንችስተሩ ባቡር ትንሽ ዘግየት አለ፣ በቃ፣ ስትደርስ ተዘግቷል። በማግስቱ በውድ ዋጋ ሌላ ትኬት ገዛች፣ ሰርጉም አመለጣት። ሻጩ "ሁለቱ ትኬቶች የተለያዩ ናቸው፣ እኔን አይመለከተኝም" ብሎ ስልኩን ዘጋባት። ይሄ ማታለል ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ጀርመንና ቤልጂየም ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ። ከፍራንክፈርት ፓሪስ ስትሄዱ አስር ደቂቃ ሲቀረው ደርሳችሁ ትሳፈሩ ይሆናል። እንግሊዝ ግን ሼንገን ውስጥ፣ ማለትም ድንበር ላይ ፓስፖርት ሳያሳዩ በሚታለፍባቸው የአውሮፓ አገሮች ውስጥ፣ የለችም። የሁለቱም አገር ቁጥጥር የሚያልቀው ገና ከመሳፈራችሁ በፊት ነው። ለንደን ላይ ፓስፖርታችሁን የሚያየው የፈረንሳይ ፖሊስ ነው፤ ፓሪስ በጋር ዱ ኖር ጣቢያ ደግሞ ከፈረንሳዮቹ ቀጥሎ እንግሊዞቹ ይጠብቋችኋል። የሻንጣ ፍተሻም አለ። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ የአውሮፓ ህብረት ለአጭር ጊዜ ከሚገባና የህብረቱ ዜጋ ካልሆነ ሰው፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት ከያዘውም ጭምር፣ አሻራና ፎቶ መውሰድ ጀምሯል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ካላችሁ ቪዛው ይገላበጣል፣ ጥያቄው ይበዛል። እና እባካችሁ፣ ቢያንስ 90 ደቂቃ ቀድማችሁ ጣቢያው ውስጥ ሁኑ። በበዓልና ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን ከዚያም ጨምሩበት።

እነዚህ ሻጮች ስለ ወረቀትም አይነግሯችሁም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ስላላችሁ ብቻ ለንደን አትገቡም፣ የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁም (ከአየርላንድ በቀር) ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ኢቲኤ የሚባለውን ፈቃድ ቀድማችሁ ማውጣት አለባችሁ፤ እሱንም ከእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ወይም አፕ ብቻ አውጡ፣ ትርፍ የሚያስከፍሉ መሀል ገቦች ሞልተዋል።

ከማንችስተር፣ ከሊድስ ወይም ከበርሚንግሃም የምትነሱ፣ "ለንደን ኢንተርናሽናል ሲአይቪ" የሚባል ትኬት አለ፣ እሱን ጠይቁ። የአገር ውስጡ ባቡር ዘግይቶ ዩሮስታር ቢያመልጣችሁ፣ ቦታ ባለበት በሚቀጥለው እንድትሳፈሩ የሚያግዛችሁ እሱ ነው።

አውሮፓ ህብረት ውስጥ የገዛችሁ ደግሞ መብታችሁን እወቁ። ከጁን 2023 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፣ ሻጩ በራሱ ፍላጎት ትኬቶችን አጣምሮ ከሸጠላችሁና ተከታዩ ባቡር ካመለጣችሁ፣ የከፈላችሁትን ሙሉ ገንዘብ መመለስና በላዩ 75 በመቶ ካሳ መጨመር አለበት። ሻጩ ከዚህ ኃላፊነት የሚያመልጠው ትኬቶቹ የተለያዩ ውሎች መሆናቸውን ሳትገዙ በፊት ከነገራችሁና ትኬቱ ላይም ከተጻፈ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ሳይሰርዘው በፊት ስክሪንሾት አንሱ፣ የከፈላችሁበትንም ደረሰኝ አትጣሉ።