ወንድምን ከሱስ ለማውጣት፦ ቤት ወይስ ሆስፒታል?
ጅማ ውስጥ ወንድሙ ጫት ሊያቆም የተነሣለት ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ቤት ማስታመም ወይም ሆስፒታል ማስተኛት። ሱሱ ጫት ብቻ ከሆነ ቤቱን እመርጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ እንቅልፍ፣ ድብርትና ቅዠት ይበዛባቸዋል፤ ስንፍና ነው ብሎ መቆጣት አይገባም። ከባዱ ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው፤ የበርጫ ጓደኞች የሚጠሩት ያኔ ነው። በዚያ ሰዓት አብሮት የሚወጣ ሰው ከሚመክረው ይሻለዋል። (ቡናውን ግን አትከልክሉት፤ ጅማ ነው እኮ!)

ምርቃናውን በየቀኑ በመጠጥ ሲሰብር ከኖረ ግን ሆስፒታል ነው፣ ያለ ክርክር። መጠጥ በድንገት ሲቆም በ2 ቀን ውስጥ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሆስፒታሉ የማይፈታው አንድ ነገር፦ ሲወጣ የሚጠብቀው ያው ሰፈር ነው።