የእርሳስ ባትሪ ወይስ ሊቲየም? ከመብራት መስመር ርቆ ለሚያድር ተጎታች ቤት

በአሪዞና በረሃ በመኪና በሚጎተት ቤት ለሚሰፍር ሰው ሌሊቱን የሚወስነው ባትሪው ነው። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት (አምፔር በሰዓት ተባዝቶ የሚገኝ የባትሪ አቅም መለኪያ) የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሙሉው 100 የሚያገለግል ይመስላል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በታች ማውረድ አይመከርም። ስለዚህ በእጅ ያለው 50 ብቻ ነው። የጋዝ ማሞቂያው ማራገቢያ 7 አምፔር ያህል ይስባል፤ በቀዝቃዛ ሌሊት በድምሩ 5 ሰዓት ከሠራ 35ቱን ጨረሰው። ለውኃ ፓምፑና ለመብራቱ ምን ተረፈ?

ተመሳሳይ አቅም ያለው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ከ80 በመቶ በላይ ያለ ስጋት ይሰጣል፤ ክብደቱም የእርሳሱን ግማሽ ያህል ነው። እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው ከፀሐይ ኃይል ጋር ያለውን ስምምነት ነው። እርሳስ የመጨረሻዋን 20 በመቶ ለመሙላት ሰዓታት ይፈጃል፤ በታኅሣሥ አጭር ቀን ፀሐይዋ ሳትጠብቀው ትጠልቃለች። በየቀኑ ሳይሞላ የሚያድር የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ሰልፌት በተባለ ጠጣር ውህድ እየተጋገረ አቅሙን ያጣል። ሊቲየም ግማሽ ሆኖ ቢያድር ምንም አይሆንም።

እርሳስ በመግዣ ዋጋ ይረክሳል፤ ብርድም ላይ ይሻላል። ሊቲየም ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሞላ ይጎዳል፤ በኮሎራዶ ተራሮች ለሚያድር ሰው የራሱ ማሞቂያ ያለው ባትሪ ያስፈልገዋል። የቆየ ተጎታች ከሆነም ለሊቲየም ሲባል ቻርጀሩን መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን ወጪ አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

መብራት ባለበት የካምፕ ሥፍራ ለሚያድር እርሳስ ይበቃዋል። ሳምንቱን ሙሉ በረሃ ለሚቀመጥ ግን ያለማመንታት ሊቲየምን እመክራለሁ።