የፕፋልዝ ወይን አገር በኪራይ ሳይክል፦ መንገዱ፣ ጎጆው እና ያ ፍሬን

ባሕር ዳር ላደገ ሰው ሳይክል መከራየት ብርቅ አይደለም። እኛ በሰዓት ነበር የምንከራየው። አከራዩ ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ ሰዓቱን ያያል። አምስት ደቂቃ ካሳለፍሽ ጩኸቱ ጣና ማዶ ይሰማል። ባሕር ዳር የማታስተምርሽ ነገር ቢኖር ዳገት ነው፤ ከተማዋ ሜዳ ናት። አሁን የምኖርባት የጀርመኗ ማንሃይምም ሜዳ ናት።

ማንሃይም ግን በሳይክል ጉዳይ የምትናቅ ከተማ አይደለችም። ካርል ድራይስ ፔዳል የሌላትን፣ መሬቱን በእግር እየገፉ የሚነዷትን ባለ ሁለት ጎማ እንጨት በ1817 የሞከረው እዚሁ ነው። ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ ራይንን ተሻግሮ ለሚያይ ሰው ደግሞ አድማሱ ላይ ሰማያዊ መስመር ይታያል። የምሠራበት ሆስፒታል አምስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ስንት የሌሊት ተራ ሲነጋ እሱን እያየሁ ቡና ጠጥቻለሁ። የፕፋልዝ ደን ነው። ከግርጌው፣ በወይን እርሻዎች መሃል፣ የጀርመን ወይን መንገድ የሚባለው ከሰሜን ወደ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል።

ከዕንቁጣጣሽ በኋላ በነበረው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት መጣና እንሂድ ተባባልን። የሽሮ ሜዳ ልጅ ነው። ካልሚት የሚባለው የደኑ ከፍተኛ ቦታ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቀኝ።

«673።»

«ስድስት መቶ? አዲስ አበባ እኮ ከ2300 በላይ ናት! ይሄማ ጉብታ ነው።»

ይህን ቃል ያዙልኝ።

ከማንሃይም ወይን መንገዱ ላይ እስካለችው ኖይሽታት ከተማ ድረስ ኤስ-ባን በሚባለው የአካባቢ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የራሱ ሳይክል ያለው ሰው ቅዳሜና እሁድ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዞት ይሳፈራል። የእኔ ግን የገበያ ሳይክል ናት፤ ቅርጫት አላት፣ ክብደቷም የበሬ ነው። ስለዚህ ወይን መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች አንዱ ጋ ቀጭን ጎማ ያላቸው ሁለት የእሽቅድምድም ሳይክሎች በስልክ ያዝን። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ። ለቀን 45 ዩሮ ከፈልን፣ መታወቂያም አስያዝን።

መስተንግዶው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ሰውዬው ኮርቻውን ለቁመቴ አስተካከለልኝ፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያና ትንሽ ፓምፕ ጨመረልን። የራስ ቁሩ ንጹሕ ነው። ማርሹ እንደ ቅቤ ይገባል። ፍሬኑን ግን እሱም አላየው፣ እኔም አላየሁት።

ስለ መንገድ ምርጫ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ወይን መንገድ ሲባል በቀጥታ ከኖይሽታት ወደ ሰሜን፣ በዳይደስሃይም በኩል ወደ ባድ ዱርክሃይም ይነዳል። 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለፎቶ ያምራል። ለቀጭን ጎማ ግን እኔ አልመክርም። በወይኑ መሃል የሚሄደው የገበሬ መንገድ ጠባብ ነው፣ በለቀማ ወቅት ደግሞ ትራክተር የጣለው ጭቃና የተጨፈለቀ ዘለላ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በመስከረሙ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ላይ ዱርክሃይም ቩርስትማርክት የሚባለው የወይን በዓል አለ። ያን ጊዜ መንገዱ የሰው ነው እንጂ የሳይክል አይደለም። ወይን መንገዱን ያለ መኪና ማየት የፈለገ በኦገስት የመጨረሻ እሁድ ይምጣ፤ በዚያን ዕለት ለመኪና ዝግ ይሆናል።

የእኛ ዙር ወደ ደቡብ ነበር። መጀመሪያ ሃምባህ፤ ከላዩ ግንቡ ይታያል። በ1832 በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አንድነትና ነፃነት ብሎ ወደዚያ የወጣበት፣ ጥቁር ቀይ ወርቃማው ባንዲራ የተውለበለበበት ነው። ከዚያ ማይካመር። ከማይካመር ካልሚት ጫፍ የከፍታው ልዩነት 500 ሜትር ገደማ ነው። በድሮ ጊዜ በታጣፊ ሳይክል፣ ያውም ማርሽ በሌለው፣ ሽቅብ የሚወዳደሩበት ዳገት ነው ብሎ ባለ ሱቁ ነግሮናል። ስንሰማ ሳቅን።

ወይኑ ሲያልቅ ዋርካ የሚያህሉ፣ ፍሬያቸው የሚበላ የካስታንየ ዛፎች ይጀምራሉ። እነሱ ሲያልቁ ጥዱ ነው። አየሩ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ ከመንገዱ ዳር ቀይ አሸዋማ ድንጋይ ብቅ ይላል። ዳገቱ በጣም ቀጥ ያለ ሆኖ አይደለም የሚያደክመው። አያቆምም። ጠመዝማዛውን ስታልፊ «አሁን ይለዝባል» ትያለሽ፣ ሌላ ጠመዝማዛ ይመጣል። የአክስቴ ልጅ ለመጀመሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ከፊቴ ነበር፤ ቆሞ ይመታል፣ ዞሮ ይስቃል። ሦስተኛው ላይ አጠገቤ ሆነ። ከዚያ ከኋላዬ የሚመጣው ትንፋሹ ብቻ ነበር።

አንድ ስልሳ ዓመት የሚሆነው ጀርመናዊ በቀላሉ አለፈን። ሲያልፍ ዘወር ብሎ የአክስቴን ልጅ «ኤርትራ?» አለው። ከ2024ቱ ቱር ደ ፍራንስ በኋላ፣ ቢኒያም ግርማይ አረንጓዴውን ማሊያ ካሸነፈ ወዲህ፣ ሳይክል ላይ የተቀመጠ ሐበሻ ሁሉ ለእነሱ የቢኒያም ዘመድ ነው። ያኔ ልጁ ከሳይክሉ ወርዶ እየገፋ ነበር። «ኢትዮጵያ» ብሎ ለመመለስ እንኳ ትንፋሽ አጠረው። ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ። የቢኒያምን ስም አሰደበ።

ጫፉ ላይ ጎጆ አለ። የግምገማዬ ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። በዚህ ደን ውስጥ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ጎጆዎች አሉ። ብዙዎቹ በ1902 የተመሠረተው የፕፋልዝ ደን ማኅበር ናቸው፣ ብዙ ቦታም የሚያስተናግዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባህሉ በ2021 በጀርመን የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። አስተናጋጅ ጠረጴዛሽ ድረስ አይመጣም። መስኮቱ ጋ ተሰልፈሽ አዝዘሽ፣ ተሸክመሽ፣ ረጅሙ አግዳሚ ላይ ከማታውቂው ሰው ጎን ትቀመጫለሽ። «እዚህ ሰው አለ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ይበቃል፤ ሰውዬው ጠጋ ይልልሻል።

የአገሩ ታዋቂ ምግብ ዛውማገን ነው፤ የአሳማ ጨጓራ ውስጥ ሥጋና ድንች ሞልተው የሚሠሩት። የቀድሞው መራሔ መንግሥት ሄልሙት ኮል የዚህ አገር ሰው ስለነበር ለእንግዶቹ ያቀርበው ነበር። ለእኔ አይሆነኝም፤ በዚህ ተከራክሬ አላውቅም። ያዘዝኩት ነጭ አይብ ነው። በሸክላ ሳህን ሙሉ፣ ሽንኩርትና ቄጤማ የመሰለ ቅጠል ተከትፎበት፣ ከጥቁር ዳቦ ጋር። አንድ ጉርሻ ወስጄ ዝም አልኩ። ከእኛ ዓይብ ለስለስ ያለ ነው፣ ውሃውም በደንብ አልተንጠፈጠፈም፤ ግን ያው ነው። ሚጥሚጣ ብቻ ነው የጎደለው። መስኮቱ ላይ የነበሩት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ አይተው ሳልጠይቃቸው ዳቦ ጨመሩልኝ። ጥሬ ብር ግን ይያዝ። በካርድ ተማምኖ መውጣት አያዋጣም።

መጠጡ ሾርለ ይባላል፤ ወይን በጋዝ ውሃ። ብርጭቆው ግማሽ ሊትር ነው፣ ዙሪያውን በጣት የተጫኑ የሚመስሉ ጎድጓዶች አሉት። እጁ ቅባት የነካው ሰው እንዳያዳልጠው ነው ይላሉ። ተጠንቀቁ፤ እዚህ አገር ውሃው ለስሙ ነው የሚገባው፣ ሳይክል ነጂንም ሕጉ አይምረውም። እኔ ወይን ሳይሆን የወይን ጭማቂ በጋዝ ውሃ ጠጣሁ። ከአግዳሚው ላይ ሜዳው በሙሉ ይታያል። ራይን፣ የሉድቪግስሃፈን ፋብሪካ ጭስ፣ ከኋላው ማንሃይም። የሆስፒታሉን ሕንፃ ፈለግሁት። አገኘሁት መሰለኝ።

ቁልቁለቱ በቶተንኮፕፍ መንገድ ነው። ትርጉሙ «የራስ ቅል» ማለት ነው፤ ስሙን ቀደም ብዬ ባውቅ ፍሬኔን አይ ነበር። ወደ ኤልምሽታይን ሸለቆ ስንወርድ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የፊት ፍሬኔ መጮህ ጀመረ። ጩኸት አይደለም፤ ብረት በብረት ሲፋቅ ያለው ድምፅ ነው። ቆሜ አየሁት። የፍሬኑ ጎማ በአንድ ወገን አልቆ ጠፍቷል፣ ብረቱ የቸርኬውን ጠርዝ ቦርቡሮ ብርማ ብናኝ ጣቴ ላይ ቀረ። ቀሪውን ቁልቁለት በኋላ ፍሬን ብቻ፣ እንደ አህያ እየተጎተትኩ ወረድኩ። ዘንዶ የሚያህል የሞተር ሳይክል ሰልፍ እየጮኸ በጎኔ ያልፋል። ሞተሮቹ ለዚህ ደን ትልቁ እንከን ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ጠዋት ተነሡ።

ሸለቆው ግን ሁሉንም አስረሳኝ። ከኤልምሽታይን እስከ ላምብሬሽት ወንዙን ተከትሎ ቀስ እያለ የሚወርድ መንገድ ነው፣ ፔዳል መምታት እንኳ አያስፈልግም። ከጎኑ በአሮጌ ባቡር ጎብኚ የሚያመላልሱበት ሐዲድ አለ። መላው ዙር በእኔ ሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ።

ሱቁ ስንደርስ ሰውዬውን ጠርዙን አሳየሁት። ይቅርታ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ሲወጣ ደህና ነበር» አለ፤ ከዚያ ለተቦረቦረው ጠርዝ ሊያስከፍለኝ አሰበ። የሆስፒታል ጀርመንኛዬ ለዚህ ጊዜ ነው የጠቀመኝ፤ በሽተኛ ሳረጋጋ በምናገርበት ድምፅ፣ ያለቀ ፍሬን የሰጠ ሰው አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚጠብቀው አስረዳሁት። መታወቂያዬን መለሰልኝ። ለሳይክሉ ጥራት ከ10 ሰባት እሰጠው ነበር፤ ለዚያ ንግግሩ አራት። ሳይክል ስትረከቡ ጎማውን በሽክርክሪት አዙራችሁ የፍሬኑን ጎማ ውፍረት በዓይናችሁ እዩ። ግማሽ ደቂቃ ነው።

የአክስቴ ልጅ በበኩሉ ከጣቢያው አጠገብ ፌደርቫይሰር ገዛ። አዲስ፣ ገና እየፈላ ያለ ወይን ነው፤ ጉሽ በሉት። ጋዙ እንዲወጣ ክዳኑ ሆን ተብሎ አይጠብቅም። አልነገሩትም፣ ወይም አልሰማም፤ ቦርሳው ውስጥ አጋድሞ ከተተው። ማንሃይም ስንወርድ የዝናብ ጃኬቱ፣ የስልኩ ቻርጀርና የተሳፈርንበት ፉርጎ የጠጅ ቤት ሽታ ነበራቸው።

ለጥቅምት፣ ካስታንየው ሲረግፍ፣ ከሌላ ሱቅ ሁለት ሳይክል ይዣለሁ። የአክስቴ ልጅ የእሱ ኤሌክትሪክ እንዲሆንለት ለምኖኛል።