«ዳዊት»ን በክብር ላዩልን አባት ምስጋና

ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። መጀመሪያ ግን ትንሽ ላማርር፣ ካልወጣልኝ አይሆንም።

እናቴ ከአክስቷ የወረሰችው ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ አላት። ዙሪያውን ነጫጭ ሰዎች ተለጥፈውበታል፤ መሃላቸው አንድ ወጣት ተቀምጦ ባለ ክር መሣሪያ ይደረድራል። እናቴ «ዳዊት ነው፣ ከነበገናው» ትላለች። «ዳዊትን እንዳትሰብሪው!» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ባለፈው ታማ ስትነሳ «ዕድሜውን እንኳ ሳላውቅ ልሞት ነበር» አለችኝ። ይዤው ዞርኩ።

የመጀመሪያው ሰው «ጄሶ ነው» አለና ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ታቹን ጫር አደረገው። እዚያው ፊቴ! ጭረቱ አሁንም አለ። ሌላኛው ደግሞ ፎቶ ብቻ አይቶ «የ2500 ዓመት የግሪክ ቅርስ ነው፣ ማረጋገጫ ልሥራልሽ፣ ክፍያውን አስቀድመሽ ላኪ» አለኝ። አፍራለሁ እንጂ ልልክ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በሰው በሰው እኚህን የጥንት ዕቃ ዕድሜ የሚለዩ አባት አገኘኋቸው። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አጥፈው አነጠፉ። ከዚያ የጣታቸውን ቀለበት ማውለቅ ጀመሩ፤ ቶሎ አልወጣም፣ ታገሉት። «ምነው?» ብላቸው «እንዳልጭረው» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ከዚያ የቁልፍ ሰው በኋላ ይህን መስማት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

በሁለት እጃቸው ገለበጡትና አጉሊ መነጽሩን ለእኔ ሰጡኝ። «ዓይንሽ ከእኔ ይሻላል፣ አንብቢልኝ።» በላቲን ፊደል «ዌጅውድ» ይላል፣ የእንግሊዝ ሸክላ ሠሪ ስም ነው። «ከጂ ቀጥላ ኢ አለች?» የለችም። «ጎሽ! ብትኖር የሌላ ሰው ሥራ ነበር።» ከሥሩ «ኢንግላንድ» ይላል፣ አጠገቡም ሦስት ደቃቅ ፊደላት ታትመዋል። አንዱ ወሩን፣ አንዱ ሠሪውን፣ የመጨረሻው ዓመቱን ነው የሚናገረው አሉ። የእኛው የመጨረሻ ፊደል ኤ ነው። ፊደላቱ 26 ስለሆኑ እያለቁ እንደገና ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ኤ እ.ኤ.አ. 1872 ሊሆን ይችላል፣ 1898ም ሊሆን ይችላል። እሳቸው ግን አልተቸገሩም። አሜሪካ የሚገባባት ዕቃ የተሠራበት አገር ይጻፍበት የሚል ሕግ ስላወጣች «ኢንግላንድ» የሚለው መታተም የጀመረው በ1891 ነው። «እንግዲህ 1898 ነዋ!» አሉኝ እየሳቁ። ያ ሁሉ ወር የዞርኩበት ነገር ታቹ ላይ ተጽፎ ኖሯል፣ ቁልፍ የጫረው ሰው ዓይኑ ሥር!

ስለ ሸክላው ውሕድም ብዙ አስረዱኝ፣ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። ጣቴን ይዘው ሲያስዳስሱኝ ግን ገባኝ። አያንሸራትትም፤ የሚያብለጨልጭ ልባስ የለውም። ነጮቹ ሰዎች ለብቻቸው በቅርጽ ወጥተው የተለጠፉ ናቸው። ከሴቶቹ የአንዷ ቀሚስ ጫፉ ላይ ከመሳሳቱ የተነሣ ሰማያዊው በሥሩ ይታያል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አይቼው አላውቅም።

«ታዲያ ዳዊትስ?» አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ። አፖሎ ነው፣ በግሪኮች አፈ ታሪክ የሙዚቃ አምላክ፤ ሴቶቹም ሙዛ የሚባሉት የዜውስ ልጆች ናቸው አሉኝ። ጆሳያ ዌጅውድ ይህን ሸክላ በ1770ዎቹ ሲያወጣ የጥንት ግሪኮችን ምስል ይወድ ስለነበር ነው። «አማልክቱ አርጅተዋል፣ ሸክላው ግን ገና ወጣት ነው፤ በሥዕሉ ዕድሜ የሚቆርጥልሽን አትመኚ» አሉኝ። ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት ብዬ ስጨነቅ አይተው «ዓመቱን ንገሪያት። እኔ በምሰጥሽ የምርመራ ወረቀት ላይ ‹ባለ ክራሩ ወጣት› ብዬ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ዳዊት ይበሉት» አሉ። እንደዚያው ጻፉልኝ።

ይግዙኝ ይሆን ብዬም ፈትኛቸው ነበር። «ዕድሜ የምነግርሽ እኔ ከሆንኩ የምገዛሽ እኔ አይደለሁም» አሉኝ። አስቀድመው ከነገሩኝ ክፍያ ሳንቲም አልጨመሩም።

እባካችሁ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ ለእሳቸው አሳዩ። ከዚያ በፊት ማንም ቁልፍ እንዳያስነካው! ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። አምላክ ዕድሜ ይስጥልኝ አባቴ!

እናቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ጎበዝ ሰው ናቸው» አለች፤ «በገናን ክራር ማለታቸው ብቻ ነው።»