ፒያሳ ላይ ፑል ለሚያስተምሩን ጋሼ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን! ምስጋናችንን በአደባባይ የምንጽፈው ጎንደር ውስጥ ስቲክ (የፑል መምቻውን ዘንግ) የሚይዝ ሁሉ እንዲያውቅዎ ብለን ነው። ስሜ እንዳይጻፍ ስላሉ አንጽፍም። ለአንባቢ ግን ይህን እንንገር፤ ጋሼን የምታገኟቸው ፒያሳ፣ ከጃንተከል ዋርካ ብዙም በማይርቅ ፑል ቤት ነው። ምት ያስተምራሉ፣ ስቲክም ይጠግናሉ።

በከተማችን ፑል እናሰለጥናለን እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ። የማንንም ስም አናነሳም፤ ሥራቸው ግን ያንገበግባል። ገና አያያዝ ያልለመደውን ልጅ በኃይል አስመትተው፣ ሲስት «ስቲክህ ነው፣ ሌላ ግዛ» ይሉታል። የጫፉን ቆዳ ሊያስቀይር የሄደውን ደግሞ አሮጌውን ማጣበቂያ እንኳ ሳይፍቁ አዲሱን በላዩ ለጥፈው ይሸኙታል። ቆዳው በጨዋታ መሃል ተገንጥሎ ይወድቃል፤ ባዶው ጫፍ የጠረጴዛውን ጨርቅ ከቀደደ ካሳውን የሚከፍለው ያው ምስኪን ልጅ ነው። ስንቱ ጎበዝ በዚህ ተማሮ ጨዋታውን ተወው!

ጋሼ ዘንድ ትምህርቱ ከእግር ይጀምራል። በቀኝ የሚመታ ሰው ቀኝ እግሩን ምቱ በሚሄድበት መስመር ላይ ያደርጋል፣ ግራውን በትከሻ ስፋት ያህል ወደ ፊትና ወደ ጎን ያወጣል። ይህን የሚያደርገው ቆሞ መስመሩን ካየ በኋላ ነው፤ ጎንበስ ካሉ ወዲያ ማነጣጠሪያውን መለወጥ ክልክል ነው፤ ካልጣማችሁ ቀና ብላችሁ እንደገና መቆም። ስቲኩን የሚደግፈው እጅ ከነጩ ኳስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ኋላ ያለው ክንድ ደግሞ ጫፉ ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት ከክርን ወደ ታች ቀጥ ብሎ መንጠልጠል አለበት። እጃችሁ ከዚያ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ርቆ ከያዘ፣ ጫፉ ካሰባችሁት ቦታ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያርፋል።

አንድ ከሰዓት የሆነውን ሳንናገር አናልፍም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ቀጥታ የተቀመጠችውን ኳስ እንኳ እየሳተ ሊያለቅስ ደርሷል። ጋሼ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙና አፉን ወደ ልጁ አዞሩት። «በል፣ መስታወቱን ሳትነካ አስገባና አውጣ» አሉት። የስቲክ ጫፍ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በጠርሙስ አንገት ያልፋል፣ ግን ትርፍ ቦታ የለውም። ቂል፣ ቂል፣ ቂል ይላል ጠርሙሱ። ጋሼ ምንም ሳይቆጡ የልጁን የኋላ እጅ ያዙና የመጨረሻዎቹን ሁለት ጣቶች ቀስ ብለው ፈቷቸው። «አትጨብጠው የኔ ልጅ፤ እጅህ ላይ ይረፍ እንጂ።» ጠርሙሱ ዝም አለ። አጥብቆ የያዘ እጅ አንጓውን ያጣምማል፣ አንጓ ሲጣመም ስቲኩ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ልጁ ኪሱን ሲዳብስ የጠረጴዛውን ሒሳብ ጋሼ ከራሳቸው ከፈሉለት። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?

ከጠርሙሱ ቀጥሎ የሚሰጡት ልምምድ ማንም ብቻውን ሊሠራው የሚችል ነው። ነጩን ኳስ ብቻ ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ መሃሉ ላይ አስቀምጡና መሃሉን መትታችሁ ከሩቁ የጠረጴዛ ጠርዝ ጎማ እንዲመለስ አድርጉ። ስቲኩን ከቦታው ሳታነሱ ጠብቁት፤ ተመልሶ ጫፉን ከነካ ምታችሁ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ከዞረ ወይ ማነጣጠሩ ተዛንፏል፣ ወይ ሳታውቁት የኳሱን ጎን መትታችኋል። ከዚያ ነጩንና ሌላ አንድ ኳስ ከቀዳዳው ጋር በአንድ መስመር አስቀምጣችሁ ምቱ። ነጩ በቦታው ቀጥ ብሎ ከቆመ ጥሩ። ተከትሎ ከሄደ ከፍ አድርጋችሁ ወይም በጣም አለስልሳችሁ መታችሁ፣ ወደ ኋላ ከመጣ ደግሞ ዝቅ አድርጋችኋል። ርቀቱ ሲጨምር ጨርቁ ኳሱን ቶሎ ማንከባለል ስለሚጀምር ትንሽ ዝቅ አድርጎ መምታት ያስፈልጋል። ሁሌም ከተመታ በኋላ ስቲኩ ወደ ፊት ይለፍ፣ ጭንቅላትም ኳሱ እስኪቆም አይነሳ። ቶሎ ቀና ማለት የብዙ ሰው በሽታ ነው።

የስቲኩ ጫፍ ከኳሱ ላይ እየሾለከ ለሚያስቸግራችሁም መላው እሳቸው ጋ ነው። የኳሱ ስፋት 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመሃሉ 14 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ የመታ ሰው ጫፉን ቾክ (እንዳይንሸራተት የሚቀባውን ጠመኔ) ቢቀባም ባይቀባም ይሾልክበታል። ከዚያ ወዲህ ሆኖ የሚሾልክ ከሆነ ቆዳው ጠጥሯል ወይም አንጸባርቋል ማለት ነው። ጋሼ አሮጌውን ቆርጠው ያወጣሉ፣ ማጣበቂያውን ከቆዳው ሥር ያለው የስቲኩ ነጭ ጫፍ እስኪታይ ድረስ ይፍቃሉ፣ የአዲሱን ቆዳ ሥር በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክላሉ፣ በስሱ ቀብተው ይጫኑታል፤ በደንብ ሳይደርቅ «ቸኩያለሁ» ብትሏቸውም አይሰጧችሁም! በመጨረሻ ዳሩን ከስቲኩ እኩል ከርክመው አናቱን ጉብ ያደርጉታል። ቾክም ሲቀባ ከላይ ተዳብሶ ነው፤ እያሽከረከሩ መፈግፈግ ቾኩን ከመቦርቦር በቀር አይጠቅምም።

ወገኖቻችን፣ አዲስ ስቲክ ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ ያላችሁን ይዛችሁ ጋሼ ጋ ሂዱ። ጠረጴዛ ላይ አንከባልለው ጫፉ ብድግ ቁጭ የሚል ከሆነ ጠሟልና በግልጽ ይነግሯችኋል፤ ደህና ከሆነም ገንዘባችሁን ያድኑላችኋል። ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አታኑሩት፣ በክረምት እርጥበትማ ጨርሶ። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ሳይያዝ ብትደርሱ ጊዜ ሰጥተው ያዩዋችኋል። ቤቱን ለማታውቁት በውስጥ መስመር እንጠቁማለን።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን!